ቀይ ስለሆነ ብቻ ስክለረንካይማ አይባልም

በአንድ ኮሌጅ የባዮሎጂ ቤተ ሙከራ የተግባር ፈተና ይሰጣል። ጠረጴዛ 4 ላይ ያለው ማይክሮስኮፕ በአግድም የተቆረጠ የዱባ ሐረግ ያሳያል። ቁራጩ ሳፍራኒን በሚባል ቀይ ማቅለሚያ ቀልሟል፤ የ40 ሌንስ ከ10 የዓይን ሌንስ ጋር ተጣምሮ 400 እጥፍ ያጎላል። በዓይን ሌንሱ ውስጥ ያለው ጠቋሚ ግድግዳው ወፍራም በሆነ አንድ ቀይ ሴል ላይ አርፏል። ጥያቄው «ጠቋሚው ያረፈበት ህብረ ሕዋስ ማን ይባላል?» የሚል ነው። በማረሚያው ላይ ያለው መልስ «ስክለረንካይማ» ነው፤ ይህም ግድግዳው ሊግኒን በሚባል አጠንካሪ ነገር የጠነከረ፣ ሴሉ የሞተ ደጋፊ ህብረ ሕዋስ ነው።

ውጤት ሲመለስ ከተማሪዎቹ መካከል «ኮለንካይማ» (ሊግኒን የሌለው፣ ሕያው ደጋፊ ህብረ ሕዋስ) ብለው የጻፉት ተቃወሙ። አንዷ ተማሪ ወረቀቷን ይዛ መምህሩ ዘንድ ቀረበች። «መምህር፣ እኔ ያየሁት ሴል ከኤፒደርሚሱ፣ ከውጭኛው ሽፋን፣ ሥር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። ግድግዳውም የወፈረው ማዕዘኑ ላይ እንጂ ዙሪያውን እኩል አይደለም» አለች። መምህሩም «ሳፍራኒን የሚያቀላው ሊግኒን ያለውን ግድግዳ ነው። ቀይ ከሆነ ሊግኒን አለው፤ ሊግኒን ካለው ደግሞ ስክለረንካይማ ነው» ብለው መለሱላት።

ነገሩን ያዳነው የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ነው። «መምህር፣ የተረፈው ሐረግ ውኃ ውስጥ አለ። በፍሎሮግሉሲኖል እንየው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅብንም» አላቸው። ፍሎሮግሉሲኖል ሊግኒን መኖሩን በቀለም የሚያሳይ ኬሚካል ነው። መምህሩም እሺ አሉ። ይህን እሺታ እዚህ ላይ ማንሳት ተገቢ ነው፤ ስንት ክርክር ማረሚያው እንደ ጸደቀ ሕግ ስለሚታይ ብቻ ሳይፈተሽ ይቀራል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። 2 ግራም ፍሎሮግሉሲኖል በ100 ሚሊ ሊትር 95 በመቶ ኤታኖል ውስጥ ይሟሟና ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ ይቀመጣል። ያልቀለመ ስስ ቁራጭ ስላይድ ላይ ይደረጋል፤ ዙሪያው ያለው ውኃ በወረቀት ተመጦ አንድ ጠብታ ፍሎሮግሉሲኖል ይንጠባጠብበታል። ኤታኖሉ ሊደርቅ እስኪቃረብ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ አንድ ጠብታ የተከማቸ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመርና ከቨር ስሊፕ (ስስ መሸፈኛ መስታወት) ይደረግበታል። ሊግኒን ያለው ግድግዳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ጓንትና መነጽር ግድ ነው፤ ሥራውም ጭስ መሳቢያ ሥር ይሠራል። በዚህ ስላይድ ላይ የ40 ሌንስ መጠቀም አይገባም፤ የሌንሱ ጫፍ ከከቨር ስሊፑ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ስለሚቆም አሲዱ ይነካዋል፣ ብረቱንም ማጣበቂያውንም ይበላዋል። የ10 ሌንስ ይበቃል። ቀለሙ ብዙ ስለማይቆይ ፎቶው ወዲያው ይነሳል፤ ስላይዱም ማይክሮስኮፑ ላይ አይተውም።

ውጤቱ ለማንም ግልጽ ነበር። ውኃ የሚያጓጉዙት፣ ግድግዳቸው ሊግኒን ያለው የዛይለም ቱቦዎች ቀሉ። ከነሱ ወደ ውጭ፣ ግንዱን እንደ ቀለበት የሚዞረው የስክለረንካይማ ረድፍም ቀላ። ከኤፒደርሚሱ ሥር ያለው ወፍራም ግድግዳ ያለው ክፍል ግን ቀለም አልያዘም። ተማሪዋ እውነቷን ነበር፤ ጠቋሚው ያረፈው ኮለንካይማ ላይ ነው። የቱቦዎቹ መቅላት ለፍርዱ ወሳኝ ነው፤ ማቅለሚያው እንደሠራ የሚመሰክሩት እነሱ ናቸውና። ቱቦው ሳይቀላ «ሊግኒን የለም» ማለት አይቻልም፤ ፍሎሮግሉሲኖሉ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ናሙናው ከሐረጉ ጫፍ ከተወሰደም ውጤቱ ያሳስታል፤ እዚያ ያለው ስክለረንካይማ ገና ሊግኒን ስላልያዘ አይቀላም። ስለዚህ ከጫፉ ወረድ ብሎ የጠነከረው የሐረጉ ክፍል ይመረጣል።

ታዲያ በሳፍራኒኑ ስላይድ ላይ ሁሉም ለምን ቀላ? ቁራጩ በ1 በመቶ ሳፍራኒን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ በውኃ ብቻ ታጥቦ ነበር። ሳፍራኒን ሊግኒንን አጥብቆ ይይዛል እንጂ ሌላውን ግድግዳ አይነካም ማለት አይደለም። ጊዜ ሲያገኝ ሊግኒን የሌለውን፣ በፔክቲንና በሴሉሎስ የተሠራውንም ግድግዳ ይቀባዋል። ልዩነቱን የሚያወጣው እጥበቱ ነው፤ በ50 ወይም በ70 በመቶ ኤታኖል ሲታጠብ ሊግኒን ከሌለው ግድግዳ ቀድሞ ይለቃል። ማጠቡን የሚያቆመው ሰው ሰዓት ሳይሆን ማይክሮስኮፕ እያየ ነው የሚያቆመው። ፓረንካይማው፣ ማለትም ግድግዳው ስስ የሆነው ተራ ህብረ ሕዋስ፣ ነጣ ብሎ ቱቦው ቀይ እንደሆነ ሲቀር ይበቃል።

በዚያው ፍተሻ ሌላ ነገርም ወጣ፤ የባሰውም ይኸኛው ነው። የስላይድ መያዣው አልተቆለፈም ነበር፤ አተኩሮ ለማየት ሲሞክር ቁልፉን የነካ ተማሪ ሁሉ ቁራጩን ያንቀሳቅሰዋል። በዓይን ሌንሱ ላይ የተጻፈው የሜዳ ስፋት ቁጥር 18 ከሆነ በ40 ሌንስ የሚታየው ሜዳ ስፋቱ 0.45 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዱባ ሐረግ ኮለንካይማውንና የስክለረንካይማውን ቀለበት የሚለያዩት ጥቂት የፓረንካይማ ረድፎች ናቸው። ትንሽ መገፋት ጠቋሚውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሰዋል። «ስክለረንካይማ» ብለው የጻፉት አንዳንዶቹ በተራቸው በእርግጥ ስክለረንካይማ አይተው ሊሆን ይችላል። ማን ምን እንዳየ ማረጋገጥ ስላልተቻለ የጠረጴዛ 4 ነጥብ ለሁሉም ተሰረዘ። ልክ የመለሱትን ማስከፋቱ አልቀረም፤ ሆኖም ሌላ ፍትሐዊ መንገድ አልነበረም።

ያለ ምንም ኬሚካል፣ በቅርጽ ብቻ መለየት ይቻል ነበር? አዎ፣ ቁራጩ ስስ ከሆነ። የዱባ ኮለንካይማ ሦስት ወይም አራት ሴሎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ይወፍራል፤ በጎንና በጎን ያለው ግድግዳ ስስ ይሆናል። ሳይቀልም ሲታይ ማዕዘኑ ነጭ ሆኖ ያበራል። ሴሉ ሕያው ስለሆነ ውስጡ ባዶ አይደለም። ስክለረንካይማው ደግሞ ዙሪያውን በእኩል ይወፍራል፣ የውስጥ ክፍተቱ ይጠባል፣ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፉ ቀጫጭን ሰርጦች ይታያሉ። ቦታም ይረዳል፤ ኮለንካይማው በሐረጉ ሸንተረሮች ሥር ይከማቻል፣ በመካከሉ ባሉት ጎድጓዳ ቦታዎች ግን ክሎሮፕላስት ያለው ፓረንካይማ እስከ ኤፒደርሚሱ ይደርሳል። የስክለረንካይማው ቀለበት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ዙሪያውን ይሄዳል። ከሱ ውስጥ በሁለት ዙር አምስት አምስት ሆነው አሥር የዛይለምና የፍሎየም (የምግብ አጓጓዡ ህብረ ሕዋስ) ጥቅሎች ይቀመጣሉ፤ በያንዳንዱ ጥቅል ፍሎየም በዛይለሙ ውጭም ውስጥም ይገኛል። ለማስተማሪያ ከዚህ የተሻለ ግንድ ማግኘት ይከብዳል፤ በየጓሮው ስላለም አይወደድም።

ብዙውን ጊዜ ቅርጹን የሚያጠፋው አቆራረጡ ነው። ቁራጩ ወፍራም ሲሆን የላይኛውና የታችኛው ሴል ግድግዳ ተደራርቦ ስለሚታይ ተራው ፓረንካይማ ሳይቀር ወፍራም ግድግዳ ያለው ይመስላል። ምላጩ ሲያዘነብል ደግሞ ማዕዘኑ ተድጦ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል የሆነ ይመስላል። የዱባ ሐረግ ውስጡ ክፍትና ለስላሳ ስለሆነ ሙሉውን መቁረጥ ያደቀዋል። አንድ ሸንተረር የያዘ ሩብ ክፍሉን ወስዶ በተሰነጠቀ ካሮት መሃል ማስገባት ይሻላል። ምላጩ አዲስ ይሁን፤ ምላጩም ናሙናውም በውኃ ይራሱ። ምላጩ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ አይመላለስም፤ ወደ ራስ በአንድ ጉተታ ይሳባል። ሃያ ያህል ቆርጦ በለስላሳ ብሩሽ ውኃ ያለበት ፔትሪ ዲሽ ውስጥ ማድረግና ብርሃን የሚያሳልፉትን ሁለት ሦስት መምረጥ ነው። ሙሉ ክብ መሆን የለባቸውም፤ ጠርዙ የሳሳ ሽብልቅ ቁራጭ ከሙሉ ወፍራም ቁራጭ ይበልጣል። ከቨር ስሊፑ በአንድ ጎኑ ተይዞ ቀስ ብሎ ካልወረደ አየር ይገባል፤ ጥቁር ወፍራም ጠርዝ ያለው ፍጹም ክብ ነገር ከታየ የአየር አረፋ እንጂ ሴል አይደለም።

ለተማሪዎች ስላይድ ከሳፍራኒን ይልቅ ቶሉዪዲን ብሉ የሚባለው ማቅለሚያ ይመረጣል። አንድ ቀለም ብቻውን ሁለት መልስ ይሰጣል፤ ሊግኒን ያለው ግድግዳ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ፔክቲን የበዛበት ደግሞ ሮዝ ሐምራዊ ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ኦብራየን፣ ፌደርና መከሊ ይህን አሠራር በ1964 ካሳተሙ ወዲህ በስፋት ይሠራበታል። 50 ሚሊ ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ይሟሟል፤ ቁራጩ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆይበትና ውኃው እስኪጠራ ይታጠባል፣ በውኃም ይሸፈናል። ብዙ ከቆየ ሁሉም ጥቁር ሰማያዊ ይሆንና ልዩነቱ ይጠፋል። ኤታኖል ደግሞ ቀለሙን ያጥበዋል። አሲድ ለማያስገባ ትምህርት ቤት ይህ ከፍሎሮግሉሲኖሉ በጣም ይሻላል።

ቀለም የሌለው ቤተ ሙከራም የሚያደርገው አለ። 10 ግራም የገበታ ጨው በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ አሟሙቶ ባልቀለመ አዲስ ቁራጭ ላይ ማንጠባጠብ ነው። ሕያው የሆነው የኮለንካይማ ሴል ውስጡ ከግድግዳው ተላቆ ይሰበሰባል። የሞተው የስክለረንካይማ ሴል እንዳለ ይቀራል። ይህን ለማየት የኮንደንሰሩ ዲያፍራም (ከስላይዱ ሥር ያለው የብርሃን መቆጣጠሪያ ቀዳዳ) ጠበብ መደረግ አለበት፤ ብርሃኑ ከበዛ የተሰበሰበው የሴሉ ጠርዝ ይጠፋል።

ኮሌጁ ለቀጣዩ ፈተና ጠረጴዛ 4 ላይ ሁለት ማይክሮስኮፕ አስቀመጠ። አንደኛው ሙሉውን ሸንተረር በ40 እጥፍ ያሳያል፤ ሁለተኛው ጠቋሚው ያረፈበትን ቦታ በ400 እጥፍ። ስላይዶቹ በውኃ ፋንታ በግማሽ ግሊሰሪን ተሸፍነው ዳራቸው በጥፍር ቀለም ታሸገ፤ የስላይድ መያዣዎቹም ታሰሩ። በየአምስት ተማሪው ቴክኒሻኑ ጠቋሚውን አይቶ ይፈርማል። ሁለት ማይክሮስኮፕ ለሌለው ግን 100 እጥፍ ብቻ ቢያሳይ ይሻላል፤ ማዕዘኑም ይታያል፣ ኤፒደርሚሱም ከሜዳው አይወጣም።