ያንተ ሰው የትኛው ነው?

አዲስ አበባ ተወልጄ ሜሪላንድ ነው ያደግኩት። ኮሌጅ የገባሁት ፔንሲልቬንያ ነበር፤ ዲቪዚዮን ሦስት ከሚባሉት ትንንሽ ኮሌጆች በአንዱ። በዚህ ደረጃ ለስፖርተኛነት ተብሎ ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ጠዋት ክፍል ትገባለህ፣ ከሰዓት ትለማመዳለህ፣ ማታ ታጠናለህ። ስለምትወደው ብቻ ነው የምትጫወተው። እኔ የአሜሪካ ፉትቦልን በጣም ነው የምወደው። ቦታዬ ላይንባከር ነበር፤ ፊት ለፊት ከሚፋለሙት ግዙፍ ልጆች ጀርባ ቆሞ ኳስ ይዞ የሚመጣውን የሚጥል ማለት ነው።

እዚህ አሜሪካ ብዙ የሐበሻ ልጆች ሃይስኩል ላይ ይህን ጨዋታ ጀምረዋል። ወላጆቻቸው ደግሞ ምኑንም ሳያውቁት ቅዳሜ ቅዳሜ ብርድ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ስለዚህ ለሁለቱም የሚሆን አንድ ነገር ልጻፍ። ሥራው ሁሉ ኳስ ይዞ መሮጥና መግፋት የሆነ ጉልበተኛ ቡድን ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? እኛ አንድ ዓመት ክፉኛ ተሸነፍን፤ በቀጣዩ ዓመት አቆምናቸው። በመሀል የሆነውን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። አንድ ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመሄድ አራት ሙከራ አለው። አብዛኛው ቡድን በሦስቱ ካልተሳካለት አራተኛው ላይ ኳሱን በእግሩ መትቶ ያርቃል። እነዚህ ግን ሜዳ መሀል ከደረሱና ትንሽ ከቀራቸው አራተኛውንም ይሮጡበታል። 10ን ለአራት ስታካፍለው ሁለት ተኩል ነው። በየሙከራው ሁለት ተኩል ያርድ ካገኙ ማንም አያቆማቸውም። ተራ የሚመስል ሩጫ ነው፤ ግን እንደ ወፍጮ ሳያቋርጥ ይፈጭሃል።

የሚጫወቱት ትሪፕል ኦፕሽን፣ ማለትም ሦስት ምርጫ፣ የሚባለውን ነበር። ኳርተርባኩ፣ ጨዋታውን የሚመራው ልጅ ማለት ነው፣ ኳሱን ይቀበልና ከኋላው እየተንደረደረ የሚመጣው ፉልባክ የሚባለው ሯጭ ሆድ ላይ ያስጠጋዋል። ገና አልሰጠውም። ዓይኑ ያለው ጫፍ ላይ በቆመው የኛ ተከላካይ ላይ ነው። ያንን ተከላካይ ሆን ብለው ማንም አይነካውም። እሱ ወደ ፉልባኩ ከገባ ኳርተርባኩ ኳሱን ነጥቆ ራሱ ወደ ውጭ ይሮጣል። ካልገባ ግን ኳሱ ለፉልባኩ ይቀራል። ውጭ ደግሞ ሌላ ያልተነካ ተከላካይ ያገኛል፤ እሱ ኳርተርባኩን ሊይዝ ሲመጣ ኳሱ ከጎን ለሚሮጠው ለሦስተኛው ሰው ይወረወራል። ተንኮሉ ይህ ነው። ሁለት ሰዎቻችንን ሳይነኳቸው ከጨዋታ ያስወጧቸዋል። እነሱን መግፋት የነበረባቸው ሁለት ልጆቻቸው ስለሚተርፉ እኔንና ጓደኞቼን ለመጣል ይመጣሉ።

ይህ አጨዋወት የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ኤሞሪ ቤላርድ የነደፈውን ዊሽቦን የሚባል አሰላለፍ ይዞ ሲወጣ ነው አገር ምድሩ ያወቀው። ዛሬም የአሜሪካ ጦር አካዳሚዎች፣ አርሚ፣ ኔቪና ኤር ፎርስ፣ አልተዉትም። ምክንያት አላቸው። መኮንን የሚሆን ልጅ 150 ኪሎ እንዲሆን አይፈቀድለትም። ስለዚህ ከነሱ የገዘፈውን ቡድን በጉልበት ብቻ ሳይሆን በማሳሳት ያሸንፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 አርሚ ኦክላሆማን በሜዳው ሲገጥም ኳሱን 44 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ይዞ ቆይቷል። መደበኛው ጨዋታ 60 ደቂቃ ነው። ኦክላሆማ በተጨማሪ ሰዓት 28 ለ 21 አሸነፈ፣ ግን እንደ ኦክላሆማ ያለ ኃያል ቡድን ቁጭ ብሎ ሰዓት ሲቆጥር ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

እኛ ላይም የሆነው ይኸው ነበር። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ በቋሚነት ስሰለፍ የመጀመሪያዬ። የኔ ሥራ ፉልባኩን መጣል ነው፤ ኳስ ያዘ አልያዘ። ኮቹ ሳምንቱን ሙሉ ነግሮኛል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሙከራዎች ሠራሁት። አራተኛው ላይ ኳርተርባኩ ኳሱን ነጥቆ ወደ ውጭ ሲወጣ አየሁትና ተከተልኩት። ያዝኩት። ደጋፊው ጮኸ፣ ጓደኞቼ ጭንቅላቴን መቱኝ፣ ደስ አለኝ። ትልቁ ስህተቴም ያ ነበር፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ኳሱን ማሳደድ ጀመርኩ። ከላይ ሆነው የሚያዩት የነሱ ኮቾች ወዲያው አወቁኝ። ፉልባኩን እኔ በተውኩት ቦታ ላኩት። አንዴ 8 ያርድ። አንዴ 12። ከዚያ አንዴ ማንም ሳይነካው መስመሩን አለፈ።

ጉልበታችንም አለቀ። እነዚህ ልጆች ከእግርህ ሥር ነው የሚገቡት። ጉልበትህን በትከሻቸው ይመቱታል፣ ትወድቃለህ፣ ትነሳለህ፣ እንደገና ትወድቃለህ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሕጉ ጠብቆ ከወገብ በታች መምታት መሀል አካባቢ ላሉት ብቻ ተፈቀደ፤ ዳር ላይ ቀረ። እኔ ግን የምጫወተው መሀል ነው። አራተኛው ሩብ ላይ ስንደርስ እግሬ የኔ አልመስል አለኝ። ከ300 ያርድ በላይ ሮጡብን። የኛ አጥቂዎች አብዛኛውን ሰዓት ጃኬት ደርበው ቆመው ነበር።

እሑድ ቤት ሄድኩ። እማዬ ቡና እያፈላች ክንዴ ላይ ያለውን ብልዝ አየችና ዝም አለች። አባዬ ግን ምን እንደተፈጠረ ማወቅ ፈለገ። አባዬ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ነው፤ ኳስ ማለት ለሱ በእግር የሚመታው ነው። እንዴት ላስረዳው? ከረከቦቱ ላይ ሦስት ሲኒ አነሳሁ። «ይህቺ ፉልባኩ ናት። ይህቺ ኳርተርባኩ። ይህቺ ደግሞ ከጎን የሚሮጠው። ኳሱ ከሦስቱ በአንዱ ዘንድ ነው፤ የትኛው ዘንድ እንደሆነ ግን እስኪጀመር እነሱም አያውቁትም» አልኩት። በስኳር ማንኪያ እያሳየሁ ሙሉውን አጫወትኩት። ጎንበስ ብሎ አየና፣

«ታዲያ ያንተ ሰው የትኛው ነው?» አለኝ።

የመጀመሪያዋን ሲኒ አሳየሁት።

«እና እሱን ትተህ ምን ልታደርግ ወደዚያ ሄድክ?»

መልስ አልነበረኝም። ኮቹ በቪዲዮ 20 ጊዜ ካሳየኝ በላይ ይህ ጥያቄ ገባኝ።

በቀጣዩ ዓመት ክረምቱን ሙሉ ብረት ሳነሳ ከረምኩ። 6 ኪሎ ጨመርኩ። ጠቅሞኛል፣ አልዋሽም። ግን ጨዋታውን የቀየረው ኪሎው አይደለም። የቀየረው እነዚያኑ ልጆች ከመግጠማችን በፊት የነበረው አንድ ሳምንት ነው።

ሰኞ ልምምድ ስንወጣ ኳስ የለም። እውነቴን ነው። ተጠባባቂዎቹ የተጋጣሚያችንን አጨዋወት ያለ ኳስ ይጫወቱልናል፤ እኛ እያንዳንዳችን የተመደበልንን ሰው እንይዛለን። ኳስ ከሌለ የምታሳድደው ነገር የለም። ዓይንህ የግድ ሰውህ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ ሞኝነት መሰለን፤ ማክሰኞ ላይ ግን ፉልባኩ ሲነሳ እግሬ ሳላስበው ይነሳ ጀመር። ይህን ልምምድ ብዙ ኮቾች ይጠቀሙበታል፤ ያላደረገው ካለ ያድርገው።

ሁለተኛው ነገር ጉልበታችንን ማዳን ነበር። ጂም ውስጥ ያሉትን ትልልቅ የጎማ ኳሶች አመጡና እግራችን ላይ ያንከባልሉብን ጀመር። አንዱ ከግራ፣ ወዲያው ሌላው ከቀኝ። በሁለት እጅህ ወደ መሬት ትገፋዋለህ፣ እግርህን ወደ ኋላ ትስባለህ፣ ከዚያ ቀና ብለህ ሰውህን ትፈልጋለህ። ዋናው ነገር እጅ ነው። የሚመጣብህን ሰው የራስ ቁር አይተህ ትከሻውን በእጅህ ካገኘኸው እግርህ ድረስ አይደርስም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሯጩ እያየሁ ስለነበር የሚመጣብኝን አላየሁትም። በቀን 15 ደቂቃ፣ አራት ቀን። ሰውነትህ ከለመደ በኋላ አትፈራም፤ ካልፈራህ አትቀጠቀጥም።

ቪዲዮ ማየቱም አለ። እኔ በየማታው የማየው ኳሱን ሳይሆን እጅና እግር ነበር። ከፊት የሚቆሙት ልጆች ጣታቸው መሬት ላይ በጣም ተጭኖ ጫፉ ከነጣ ወደፊት ሊገፉ ነው። ክብደታቸውን ወደ ኋላ ካደረጉ ደግሞ ኳሱ ሊወረወር ነው። ከጎን የሚሮጠው ልጅ ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ወደየት በኩል እንደሚንቀሳቀስ ካየህ አብዛኛውን ጊዜ ጨዋታው ወደዚያው ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም፤ አንዳንዴ ለማታለል ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ፍንጩ ያዘጋጅሃል እንጂ ሰውህን አያስቀይርህም።

ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ይህን የምጽፈው የሚጾሙ ልጆች ስለሚጠይቁኝ ነው። ጓደኞቼ ፓስታ በዶሮ ሲበሉ እኔ እማዬ የላከችልኝን ምስር ወጥ በእንጀራ ምሳ ላይ እበላለሁ። ማታ ሆድ እንዳይከብደኝ ሩዝና ድንች ብቻ። ውኃ ከሐሙስ ጀምሬ በብዛት እጠጣለሁ። ቅዳሜ ጨዋታው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ ጉልበት አጥሮኝ አያውቅም።

ጨዋታው ላይ ኮቾቻችን አንድ ብልሃት ጨመሩ። ማን ማንን እንደሚይዝ አልፎ አልፎ እንቀያየር ነበር። አንዴ ጫፍ ላይ ያለው ልጃችን ኳርተርባኩን ይጠብቃል፣ እኔ ፉልባኩን። በሚቀጥለው እሱ ፉልባኩ ላይ ይወድቃል፣ እኔ በስተኋላው ዞሬ ወደ ኳርተርባኩ። ኳርተርባኩ የሚያነበው ያንን አንድ ልጅ ነው። የሚያነበው ነገር ከተምታታበት ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ግማሽ ሰከንድ ካመነታ ደግሞ የኛ ሰው ደርሷል።

ሁሉም ሠርቶልናል ማለት አይደለም። ሁለተኛው ሩብ ላይ ኳሱን ፉልባኩ ሆድ ላይ አስጠግቶ ነጠቀና ወረወረው። ከኋላ ያለው ሴፍቲያችን ሩጫ መስሎት ወደፊት መጥቶ ነበር። ከኋላው ማንም የለም። ግብ። 20 ጊዜ ሲሮጡ አይተህ 21ኛው ላይ ቦታህን አለመልቀቅ በጣም ከባድ ነው፣ በዚያ ልጅ ማንም አልፈረደበትም። ከኔ ይልቅ የሱ ሥራ ነው የሚከብደው። እኔ ስሳሳት 8 ያርድ ነው፤ እሱ ሲሳሳት ግብ ነው።

ሌላው ያስቸገረን ኳስ የምናገኘው ጥቂት ጊዜ መሆኑ ነው። በመደበኛ ጨዋታ ከ10 ጊዜ በላይ የሚያጠቁት ልጆቻችን ያን ቀን ስምንት ጊዜ ብቻ ነው የገቡት። ስለዚህ እኛ ከሜዳ ስንወጣ ቶሎ ጎል እናስገባ ሳይሆን ቀስ ብላችሁ ያዙልን እንላቸው ነበር። መተንፈስ ነበረብን። ኮቹም በየስድስት ሰባት ሙከራው ከፊት ያሉትን ይቀይራቸው ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ይህን አላደረግንም፣ ዋጋም ከፍለንበታል።

በአራተኛው ሩብ መጨረሻ በ3 ነጥብ እየመራን ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ቀርቶታል። አራተኛ ሙከራ፣ ሁለት ያርድ ቀርቷቸዋል፣ ያሉት በኛ 30 ያርድ አካባቢ። እንደሚሮጡ እኛም እናውቃለን፣ እነሱም እንደምናውቅ ያውቃሉ። ከጎን የመጣው ትእዛዝ፦ እኔ ፉልባኩን፣ ጫፉ ላይ ያለው ኳርተርባኩን።

ኳሱ ተነሳ። ጫፍ ላይ ያለው ጓደኛችን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ረገጠና ወዲያው ወደ ውጭ ተመለሰ። እኔ ያየሁት የለም፤ ይህን በኋላ በቪዲዮ ነው ያወቅኩት። እኔ ያየሁት ፉልባኩን ብቻ ነው። አንዱ ከግራ ጉልበቴ ሊገባ መጣ፤ ትከሻውን በእጄ ወደ መሬት አወረድኩት። ከዚያ ፉልባኩን ራሴን ወደ ጎን አድርጌ በትከሻዬ ወገቡ ላይ አገኘሁት፣ በሁለት እጄ አቀፍኩት፣ እግሬን ሳላቆም ገፋሁት። አብረን ወደቅን።

ደረቱ ላይ ተኝቼ ሳየው እጁ ባዶ ነው።

ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። ከዚያ ከኛ በኩል ጩኸት ሰማሁ። ቀና ስል ጓደኛችን ኳርተርባኩን ኳሱ ከተነሳበት መስመር አንድ ያርድ ወደ ኋላ ጥሎት ተቀምጦበታል። ያ አንድ እርምጃ አታሎት ኳሱን ነጥቆ ወጥቶ ነበር፤ እኔ ፉልባኩን ትቼ ወጥቼ ቢሆን ግን ኳርተርባኩ ይህን ያየው ነበርና ኳሱ ፉልባኩ ጋ ይቀር ነበር ይላል ኮቹ። ፉልባኩ እጁን ዘርግቶልኝ አነሳኝ። በጣም ጠንካራ ልጅ ነበር። ጎኔ ለሁለት ሳምንት አሞኛል።

ጨዋታው ሲያልቅ እማዬና አባዬ አጥሩ ጋ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። እማዬ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ዞር ዞር አድርጋ አየችው። አባዬ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

«የመጀመሪያዋን ሲኒ ይዘሃት አየሁ» አለኝ።