ሁለት ወር ከታንኳ መቅዘፊያ ጋር፦ እጄ ውሃ መቋጠር ያቆመው እንዴት ነው

እናቴ ያደገችው ጣና ዳር ነው። ልጅ ሳለች ሐይቁ ውስጥ ያለውን የደሴት ገዳም፣ ደብረ ማርያምን፣ የምትሳለመው በታንኳ ነበር። ኅዳር መግቢያ ላይ «አንድ ቀን እንደ ድሮው በታንኳ ብሄድ ደስ ይለኛል» አለችኝ። ሞተር ጀልባማ ሞልቷል፤ ደሴቱም ከባሕር ዳር ቅርብ ነው። እሷ የናፈቃት ግን ታንኳው ነው። እኔው ራሴ ቀዝፌ ላደርሳት ወሰንኩ። ቀኑንም ቆረጥኩ፤ ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም።

ባሕር ዳር ተወልጄ ባድግም ታንኳ ቀዝፌ አላውቅም ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐይቁ ላይ የኖሩ አንድ አዛውንት አሮጌ ታንኳቸውን ሰጡኝና ልምምድ ጀመርኩ። ለማያውቅ ሰው፣ የጣና ታንኳ ደንገል የሚባል የውሃ ዳር ተክል ታስሮ የሚሠራ ነው። መቅዘፊያው ደግሞ ረጅም ቀርከሃ ነው፤ ጫፉ ላይ ሰፊ ነገር የለውም። መሃሉን በሁለት እጅ ይዘህ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ትቀዝፋለህ።

የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ያህል ቀዘፍኩ። ስወርድ እጄ አራት ቦታ ውሃ ቋጥሯል። አንዱ በቀኝ አውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ነው። ሁለቱ መዳፌ ላይ፣ ከጣቶቼ ሥር። አራተኛው ቀለበቴ ሥር ነበር፤ እሱ ከሁሉም ይብሳል። ብረቱ ቆዳዬን ከቀርከሃው ጋር ቆንጥጦ ይዞት ነው የዋለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀለበቴን ቤት ሳላስቀምጥ ታንኳ ላይ ወጥቼ አላውቅም።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ግን ማታ ቤት ገብቼ ነው። ውሃ የቋጠረውን ሁሉ በምላጭ ቀድጄ ቆዳውን ልጬ ጣልኩት። ቶሎ የሚድን መስሎኝ ነበር። በማግስቱ በዚያው ቁስል ተመልሼ ሐይቁ ላይ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን አውራ ጣቴ ሥር ቀልቶ አብጦ እጄን መጨበጥ አቃተኝ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ እጄን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ቆዳውን ለምን ጣልከው? እሱ እኮ ፋሻህ ነበር» አለችኝ። የተከፈተ ቁስል ሐይቅ ውስጥ እንዳላስገባ አስጠነቀቀችኝ። ጣና ዳር ቢልሃርዝያም አለ፤ እሱ እንዲያውም ቁስል አይፈልግም፣ ጤነኛ ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ እግርን ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ መቀመጥም ቀረ። አሥር ቀን ያለ ልምምድ አለፈኝ።

በእነዚያ አሥር ቀናት እጅ ለምን ውሃ እንደሚቋጥር አነበብኩ። እኔ ቆዳው ከላይ እየተፋቀ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። የላይኛው ቆዳ ዘንጉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ውስጥ ያለው አጥንት ግን ይሄዳል፣ ይመለሳል። መሃል ያለው የቆዳ ንብርብር ይህ ጉተታ ሲደጋገምበት ይላቀቅና ክፍተቱን ውሃ ይሞላዋል። እርጥበት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ወዛ ያለ ቆዳ ከደረቅ ቆዳ ይልቅ አጥብቆ ይይዛል።

ይህን ካወቅኩ በኋላ መቅዘፊያውን ሌላ ዓይን ይዤ አየሁት። ቀርከሃ አንጓ አለው። ቀኝ እጄ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንዱ አንጓ ወጣ ብሎ፣ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከብቦ ቆሟል። ጥፍሬን ሳሳልፍበት ቀጭ ይላል። ያ ጠርዝ ነው በእያንዳንዱ ቅዘፋ ያንኑ አንድ ቦታ ሲጎትት የነበረው። አዛውንቱ ቢላ አውጥተው ጫፉን ብቻ ከረከሙልኝ። «ጠልቀህ እንዳትሄድ፣ ቀርከሃ ጉልበቱ አንጓው ላይ ነው» አሉኝ። ከዚያ በብርጭቆ ስባሪ ፋቅኩት። በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ጥፍሬ ምንም እስከማይይዝ ድረስ አለሰለስኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከሠራሁት ሁሉ የበለጠ የጠቀመኝ ግን ይህና ቀጥሎ የምነግራችሁ ነው።

አዛውንቱ ስቀዝፍ ጎኔ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና «ማን ሊነጥቅህ ነው እንዲህ የጨበጥከው?» አሉኝ። እውነት ነው፣ ጣቶቼ ነጭ እስኪሆኑ ጨብጬ ነበር። «የምትገፋበት እጅህ ይከፈት፤ የምትስብበት ብቻ ይያዝ» አሉኝ። ሞከርኩት። በቀኝ በኩል ስቀዝፍ ግራ እጄ በመዳፉ ይገፋል፤ ጣቶቹ ዘና ብለው ይቆያሉ። ጎኑ ሲቀየር ሥራቸውም ይቀየራል። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ እጅ ግማሹን ጊዜ ያርፋል፤ ቆዳውም በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይጎተትም። ጉልበቱንም ከክንድ ወደ ወገብ አወረድኩት። ለመልመድ ሁለት ሳምንት ያህል ወሰደብኝ። ሰውነት ሲደክም ጭበጣው ሳይታወቅ ይመለሳል፣ ስለዚህ አልፎ አልፎ ጣቶቼን አፍታትቼ እቀጥላለሁ።

ቀጣዩ ጣጣ ውሃው ነበር። መቅዘፊያው በወጣ በገባ ቁጥር ውሃው በዘንጉ ላይ ተንሸራቶ እጄ ላይ ይደርሳል። ብስክሌት ጠጋኝ ጋ ሄጄ የአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ለመንኩ። ባሕር ዳር ውስጥ ይህ አይጠፋም። በቀጭኑ ቆርጬ ከሁለቱም እጆቼ ወዲያ ማዶ ዘንጉ ላይ ወፈር አድርጌ አሰርኩት። ውሃው ላስቲኩ ጋ ሲደርስ እጄን ሳይነካ ወደ ሐይቁ ይንጠባጠባል። አንገቴ ላይ ደግሞ ላብ መጥረጊያ ነጠላ ጨርቅ አንጠለጥላለሁ።

ያልሠሩልኝም አሉ። ወፍራም የሥራ ጓንት ገዛሁ። ውሃ ሲነካው ውስጡ ተጨማደደና አዲስ ቦታ ላይ ውሃ አስቋጠረኝ። ቫዝሊንም ሞከርኩ። መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል። ግን ዘንጉ ስለሚያንሸራትት የባሰ አጥብቄ ጨበጥኩ፤ ቆይቶም ቅባቱ ሲመጠጥ ቆዳው መያዝ ጀመረ።

የሠራልኝ የወረቀት ፕላስተር ነው፤ ፋርማሲ የሚሸጠው ነጭና ስስ የሆነው። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በረጅም ርቀት ሯጮች እግር ላይ ሞክረውት ውሃ መቋጠርን በ40 በመቶ ቀንሶ አግኝተውታል። እግርና እጅ አንድ ባይሆኑም ለእኔ ጠቅሞኛል። እጄን ታጥቤ በደንብ ካደረቅኩ በኋላ፣ ሳልወጣ በፊት፣ አውራ ጣቴ ሥርና ጣቶቼ ሥር እለጥፈዋለሁ። ጠርዙን በመቀስ ክብ አደርገዋለሁ፣ አለበለዚያ ማዕዘኑ ቶሎ ይነሳል። መገጣጠሚያ ላይ አጥብቆ መጠምጠም ግን አይበጅም፣ ጣት ያደነዝዛል።

ልምምዱንም ቀነስኩት። በአንድ ቀን ሰዓት ሙሉ መቅዘፍ ትቼ ቀን እየዘለልኩ ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ ሃያ አምስት እያልኩ ጨመርኩ። ሁልጊዜ በማለዳ፤ ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ማንም ሰው ይጨብጣል። ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ቦታው ያቃጥላል። ያቺ ማቃጠል ስትጀምር ወዲያው አቆማለሁ። «እስኪ አምስት ደቂቃ ልጨምር» ያልኩባቸው ቀናት ሁሉ አስቆጭተውኛል።

ታኅሣሥ ሲያልቅ መዳፌ ደነደነ። እሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የደነደነው ቆዳ ጉብ ካለ ጠርዙን ዘንጉ ይይዘውና ከሥሩ ይገነጥለዋል። ስለዚህ ገላዬን ከታጠብኩ በኋላ ቆዳው ለስለስ ሲል በተረከዝ መፋቂያ ድንጋይ ደልደል አደርገዋለሁ።

አንዴ ብቻ እንደገና ቋጠረ። ነርሷ እንዳሳየችኝ አደረግኩ። ትንሽ ስለነበር ሳልነካው ሸፍኜ ተውኩት። ትልቅ ሆኖ የሚያም ከሆነ፣ ቦታውን በሳሙና ታጥቦ፣ መርፌውን በአልኮል አጽድቶ ከጠርዙ በኩል ውሃውን ብቻ ማውጣት ይቻላል፤ ቆዳው ግን እላዩ ላይ ይቅር። ስኳር ያለበት ሰው ራሱ አይሞክረው፣ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጥር 21 ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። እናቴ የዋና ጃኬት ለብሳ፣ ነጠላዋን ከላይ አጣፍታ ፊቴ ተቀመጠች። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ አዛውንቱ በሌላ ታንኳ ከጎናችን ቀዘፉ፣ መንገዱንም እሳቸው መረጡልን። እናቴ ብዙውን መንገድ ዝም ብላ ውሃውን ታይ ነበር። ደሴቱ ዳር ስንደርስ ቀድማ የጠየቀችኝ ስለ እጄ ነው። ፕላስተሩን አንስቼ አሳየኋት። ትንሽ ቀላ ብሏል እንጂ ምንም አልቋጠረም።

ያቺ ታንኳ አሁን የለችም። ደንገል ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ወራት ነው ዕድሜው። መቅዘፊያውን ግን ከነላስቲኩ በረንዳ ላይ አቁሜዋለሁ። አዲስ ታንኳ እያሳሰርኩ ነው።