ከመሬት በታች ያለው ቤት

ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ታናሽ እህቴ ለዓመታት የቆጠበችበት የቤት ማኅበር በመጨረሻ ቦታ ተመራ። ደስታዋን በስልክ ነግራኝ ሳትጨርስ የጠየቀችኝ ስለ ሳሎን ሴራሚክ ቀለም ነበር። አልፈረድኩባትም። ቤት ሲታሰብ ቀድሞ ዓይን ላይ የሚመጣው ወለሉ፣ መጋረጃው፣ ኮርኒሱ ነው። እኔና ባለቤቴ ግን እዚህ ቤታችንን ከጀመርን ወዲህ ያየሁት ሁሉ ወደ አንድ ሐሳብ መርቶኛል፤ ገንዘብም ልብም መቅደም ያለበት ተቀብሮ ለሚቀረው ነው። ሴራሚክ ከአምስት ዓመት በኋላም ይቀየራል። መሠረት አይቀየርም። በስልክ ላስረዳት ሞክሬ ስላልበቃኝ ዛሬ ማታ ሐሳቤን ለራሴም ለእርሷም እጽፋለሁ።

የእኛ ሰፈር አፈር ዋልካ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። በየዓመቱ ሲያብጥና ሲኮማተር በላዩ የተቀመጠውን ግንብ ከፍ ያደርገዋል፣ መልሶ ይለቀዋል። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ያለባቸውን ቤቶች ያላየ የለም። ባለቤቶቹ በየዓመቱ ይደፍኑታል፣ ቀለም ይቀቡታል፤ በጋ ሲመጣ ተመልሶ ይከፈታል። ስንጥቁ የሚታየው ግድግዳው ላይ ነው፣ ሕመሙ ግን እግሩ ላይ ነው። ግድግዳውን ማከም ገንዘብ ማባከን ነው።

ዋልካ ላይ ሲሠራ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ መቆፈር ነው። ይህን ያህል ሜትር ይበቃል ብሎ አስቀድሞ መዋዋል አይቻልም፤ የጎረቤት ጉድጓድም ለእኛ ምስክር አይሆንም። ግንበኛችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሸምገል ያሉ ሰው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው በድጅኖ ወለሉን ይመቱና ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ድምፁን ያዳምጡ ነበር። «ገና ነው ልጄ፤ ድምፁ የታፈነ ነው» ይሉኛል። ሠራተኞቹ እንደገና ይወርዳሉ። በመጨረሻ ድጅኖው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጥቶ ወደ ላይ ሲመለስ ሁላችንም ሰማነው። በዚያ ጉድጓድ የወጣው የቁፋሮ ሒሳብ ለሳሎኑ ሴራሚክ ይበቃ ነበር፤ አንድም ቀን አላስቆጨኝም።

የወጣው ጥቁር አፈር አንድ ባሬላ እንኳ ተመልሶ ከወለሉ ሥር መግባት የለበትም። ይህን መጠበቅ የባለቤቱ ሥራ ነው፤ አፈሩን ጭኖ ለመጣል መኪና ይከፈልበታል፣ መልሶ መሙላት ግን በነፃ ነው። በምትኩ የሚገባው ገረጋንቲ፣ ማለትም ጠጠር ያለበት ጠንካራ አፈር፣ ሲሞላም በአንድ ጊዜ ክምር አድርጎ ሳይሆን ሃያ ሃያ ሳንቲ ሜትር እየደለደሉ፣ ውሃ እያጠጡ፣ እየጠቀጠቁ ነው። ሊሾው፣ የሲሚንቶው ወለል፣ ከዓመት በኋላ መሐል ላይ የሚሰምጥባቸው ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ የተቸኮለባቸው ናቸው። ባሕር ዛፍም አለ። ከተማችን ዙሪያዋን ባሕር ዛፍ ነው፤ ግንብ ጥግ የበቀለ ባሕር ዛፍ ግን ከአፈሩ ውሃ እየመጠጠ ዋልካውን ያኮማትረዋል። ጥላው ቢያሳሳም ከቤት ራቅ ማለት አለበት።

ኮንክሪት ላይ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ አውቀዋለሁ የሚለው፣ በጥንቃቄ ሲሠራ ግን ብዙ ያላየሁት ነገር እርሱ ነው። ነገሩ የሚጀምረው ከሣጥኑ ነው። ከጣውላ የተሠራ፣ እጀታ ያለው፣ ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 18 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን 36 ሊትር ይይዛል፤ ይህም ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ጋር የሚቀራረብ ልክ ነው። ለኮለን (ለቋሚው ምሰሶ) እና ለቢም (ለአግዳሚው) የተለመደው ለአንድ ሲሚንቶ ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ ሦስት ሣጥን ጠጠር ነው። ጠዋት ላይ ይህ ሁሉ በሥርዓት ይሄዳል። ከምሳ በኋላ ድካም ሲመጣ ሣጥኑ ጥግ ይያዝና በአካፋ መገመት ይጀመራል። አካፋ ልክ የለውም። የጠዋቱ ኮለንና የከሰዓቱ ኮለን አንድ ፈቃድ፣ አንድ ፕላን፣ አንድ ሲሚንቶ ይዘው በጥንካሬ ይለያያሉ፤ ከተለሰነ በኋላ ደግሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ የሚብሰው ውሃው ነው። ቡኮው ቀጠን ሲል ለመሸከምም ለማፍሰስም ይቀላልና የሚያቦካው ልጅ በባልዲ መድፋት ይወዳል። ትርፉ ውሃ ግን በኋላ ሲተን ክፍተቱን ትቶ ይሄዳል፣ ኮንክሪቱም ይደክማል። እኔ ኮንክሪት በሚፈስበት የሙሌት ቀን ከምሠራበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ከባልዲው አጠገብ እቆም ነበር። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ከፍቷቸው ነበር፤ አሠሪ ሴት ቆማ ስታይ የማያምናቸው ሰው የላከባቸው ይመስላቸዋል። አንዱ «እትዬ፣ እኛ ሥራችንን እናውቃለን» አለኝ። ማወቃቸውንስ መች ተጠራጠርኩ። የቀን ሠራተኛ የሚደክመው ሰው ስለሆነ ነው፣ ባለቤት አጠገቡ መቆሙም ሻዩንና ውሃውን በሰዓቱ ለማቅረብ ጭምር ነው። በኋላ ራሳቸው ሣጥኑን እየጠሩ መቁጠር ጀመሩ።

ኮንክሪት ውስጥ የሚገባው ብረት፣ ፌሮውም፣ ሚዛን ላይ ይውጣ። አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ 10 ኪሎ ከ650 ግራም ገደማ መመዘን አለበት። በጉልህ ከዚያ ከቀለለ ስሙ አሥራ ሁለት ይባል እንጂ ቅጥነቱ ሌላ ነው። ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭን ብረት፣ ስታፋው፣ ሲታጠፍ ደግሞ ጫፎቹ ወደ ኮለኑ ውስጥ ገብተው ዋናውን ብረት አቅፈው መያዝ አለባቸው፤ ቀጥ ባለ ማዕዘን ብቻ ታጥፎ የቀረ ስታፋ ከባድ ንቅናቄ ሲመጣ ይከፈታል።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። እኛ የምንኖረው ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ አካባቢ በተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈርሳለች፤ ሁለቱም የሸዋ አገር ናቸው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ነበር የከረመው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ እንደ እኛ ያለውን ባለ አንድ ወለል ትንሽ ቤት በምድብ «ሀ» አስቀምጦት ነበር፤ ከፎቅ ቤት ያነሰ ነበር የሚጠየቅበት። በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ፕላኑን ፈቃድ ማውጫ ወረቀት ብቻ አድርጎ ያየዋል። እኔ ለመሐንዲስ የሚከፈል ገንዘብ ከሁሉ የረከሰው ወጪ ነው ባይ ነኝ። ከታች መሠረቱ ላይ ያለው አግዳሚ (ግሬድ ቢም)፣ ከላይ ጣራው ሥር ያለው አግዳሚ (ቶፕ ታይ ቢም) ዙሪያውን ሳይቋረጥ ግድግዳውን ማሰር አለበት፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ያልታሰረ ግድግዳ እያንዳንዱ ለየብቻው ነው የሚወድቀው። ሒሳብ ሲያጥር «ላይኛው ይቅር» የሚል ባለሙያ ከመጣ፣ ሥራውን አቁሞ ገንዘብ እስኪገኝ መጠበቅ ይሻላል።

ከሙሌቱ በኋላ ያለው ሳምንት የማንም ዓይን የማይደርስበት ነው። ባለሙያው ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል፣ ሠራተኛው ይበተናል፣ ኮንክሪቱ ብቻውን ይቀራል። ኮንክሪት የሚጠነክረው ስለሚደርቅ አይደለም፤ ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ስለሚዋሐድ ነው። ውሃው ቶሎ ከሄደበት ሥራው በመሐል ይቆማል። በጆንያ ሸፍኖ ቢያንስ ሰባት ቀን ማጠጣት ግድ ነው፤ ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። የደብረ ብርሃን ንፋስና የቀትር ፀሐይ ተባብረው ያደርቁታል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ትኩሱን ሙሌት በፕላስቲክና በጭድ ማልበስ ያስፈልጋል። ጥበቃ የምትሠራልን እናት በየማለዳው ከእኔ ቀድማ ጆንያውን ታርስ ነበር። ከቤታችን ጥንካሬ የእርሷ ድርሻ ከማንም አያንስም፤ ደመወዟን ስከፍል ይህን እያሰብኩ ነው።

ስለ ሲሚንቶና ብሎኬት በአጭሩ። መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶ ይጠፋል፣ ዋጋውም ይሰቀላል፤ ሰው ፈርቶ አስቀድሞ ያከማቻል። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሲሚንቶ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል፣ መሬት ላይ የተቀመጠ ደግሞ እርጥበት ስቦ ይጠጥራል። ከጣውላ ላይ ይደርደር፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ። ብሎኬት ሲገዛ ሁለቱን ማጋጨት ነው፤ ጥሩው ይጮኻል፣ ደካማው ጠርዙ እንደ አሸዋ ይረግፋል። ከመንገድ ዳር ትናንት ተመርቶ ዛሬ የሚጫን ብሎኬት ውሃ አልጠገበም፤ በቅናሽ ዋጋ ቢሰጡም አይወሰድ።

ውሉን በተመለከተ እኛ የመረጥነው በእጅ ዋጋ ማሠራትን ነው፤ ዕቃውን ራሳችን እየገዛን። አድካሚ ነው። ከነዕቃው የሚያስረክብ ታማኝ ሰው ያለው ሰው እኔን መከተል የለበትም። ዳሩ ግን ቅድመ ክፍያ ከበዛ ባለሙያው ሌላ ቦታ ሥራ ይጀምርበታል። ክፍያ ከሥራው ኋላ ኋላ ይሂድ፤ መሠረት ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ኮለን ሲቆም ይህን ያህል ተብሎ በጽሑፍ፣ ምስክር ባለበት።

የሚከነክነኝ ሌላ ጉዳይ ቅዝቃዜው ነው። ያደግሁበት የእናቴ ቤት ጭቃ ነው፤ ከታች በድንጋይ የታሰረ፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ከርሞ የተቦካ፣ ግድግዳው ወፍራም። በኅዳር ሌሊት ሞቃት ነበር። የብሎኬት ቤት ለዚህ አገር ብርድ በባሕርዩ አይመችም፤ ሰው ግን ጭቃን የድህነት ምልክት አድርጎ ስለያዘው ይህን ደፍሮ የሚናገር ጥቂት ነው። እኔ እናገራለሁ። መሠረቱ ከፍ ያለ፣ ጣራው ከግድግዳው አልፎ የወጣና በየጊዜው የሚመረግ የጭቃ ቤት፣ ውሃ ከሚያስገባና ካልተጠናቀቀ ብሎኬት ቤት በክብር ይበልጣል። አቅሙ ለጭቃ ብቻ የፈቀደለት ጭቃ ይሥራ፣ አይፈር፤ ማዕዘኑንና ጣራ ማሰሪያውን ብቻ አደራ። ብሎኬት የመረጠ ደግሞ ፀሐይን ይጋብዝ። በብርዱ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል ዘንበል ብላ ነው የምትሄደው። ትልልቅ መስኮቶች ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ፣ ወጥ ቤትና ዕቃ ቤት ወደ ሰሜን ቢሆኑ ቤቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ማታ ይመልሳል። ፕላን ሠሪዎች ግን ሳሎኑን ወደ አስፋልት ያዞሩታል። የእኛን ለማስቀየር ተከራክሬያለሁ፤ ዛሬ ባዶ ሳሎን ውስጥ ስቆም ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ትደርሳለች።

አሁን ቆርቆሮው ለብሷል። ቀጭኑን ሳይሆን ባለ 28 ጌጅ ነው የገዛነው፤ የጌጅ ቁጥር ሲያንስ ውፍረቱ ይጨምራል፣ ሻጭ ሁሉ ይህን አያብራራም። የበረዶ አገር ነውና ቢያስወጣም ይቅር አላልኩም። ግድግዳው አልተለሰነም፣ በር የተገጠመው ለሁለት ክፍል ብቻ ነው። ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀው «አጥሩን መቼ ታስውቡታላችሁ?» እያለ ነው። እኛ ግን እቁቡ ሰኔ ላይ ሲደርሰን ገንዘቡ የተመደበው ለአሸንዳ፣ ለቤቱ ዙሪያ ሊሾና የዝናቡን ውሃ ከመሠረቱ አርቆ ወደ ቦዩ ለሚወስደው ቱቦ ነው። ያን ሁሉ የቆፈርነው ዋልካውን ሸሽተን ነበር፤ ከጣራ የወረደ ውሃ ግድግዳ ሥር ከተኛ ግን በጎን በኩል ይገባል። ለእህቴም የምላት ይኸው ነው፤ በግቢው ያለችውን ትንሿን ሰርቪስ ቤት ቀድማ ትሥራ፣ ኪራዩን ትተው ይግቡበት፣ ዋናውን ቤት እየኖሩበት ያሳድጉት። ሴራሚኩን ያን ጊዜ አብረን እንመርጣለን፤ እኔ ፈካ ያለ ግራጫ እወዳለሁ።