ነጥቧ

ትናንት ሌሊት አክስቴን ይዤ ደሴ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ድንገተኛ ክፍል አመሸሁ። ተለማማጇ ሐኪም የልብ መድኃኒት እያዘዘች ሳለ ብዕሯ ከመስመሩ ወጥቶ ቁልቁል ተሳበ፤ ቀጭን ሰማያዊ ጭረት እስከ ፊርማው ቦታ ድረስ። ዓይኗ ተከድኖ ነበር።

ነርሷ ካርዱን አየችና፣ «ዶክተርዬ፣ 0.25 ነው ወይስ 2.5?» አለቻት። ልጅቷ ባንና ነጥቧን ቦታዋ መለሰች። «ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ጎኔ አላረፈም» አለች፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረበትስ የተራ መርሐ ግብሩን ያወጣው ሰው ነበር።

እንቅልፍ ያጣ ሹፌር የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ቢነዳ ተሳፋሪው ሁሉ «አቁም!» ብሎ ይጮኻል። ሐኪም ሲሆን ግን «ይልመዱት፣ እኛም እንዲሁ ነው ያለፍነው» ይባላል። የእንቅልፍ ማጣት አደጋ ወሬ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ለክተው ያሳዩት ነው፦ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የተለማማጅ ሐኪሞችን ሥራ በሳምንት በአማካይ ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ ገድባለች። (80ም ቢሆን የሰው ልጅ ሰዓት አይመስለኝም።) የእኛዎቹን ሰዓት ማን እንደሚቆጥር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።