ቤታችሁ ብትጸልዩ ምን አለበት?

ዛሬ የሜይ ወር የመጀመሪያው ሐሙስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብሔራዊ የጸሎት ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በፕሬዚዳንት ትሩማን ፊርማ ሕግ ሆነ፤ በ1988 ደግሞ በሬገን ጊዜ በዚህ ሐሙስ እንዲውል ተወሰነ። ከሥራ እንደወጣሁ ከቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጋር ሆነን በአደባባይ ለከተማችን፣ ለመሪዎቿና ለኢትዮጵያ ጸለይን።

ወደዚያ እንደምሄድ የሰማ አንድ የምወደው አበሻ የሥራ ባልደረባዬ፣ «ቤታችሁ ብትጸልዩ ምን አለበት? ጌታ ራሱ እልፍኝህን ዝጋ ብሏል እኮ» አለኝ። ለክፋት አልነበረም። ግን ጥያቄው ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ጌታ በማቴዎስ 6 ላይ እልፍኝህ ግባ ያለው ሰው እንዲያያቸው ብለው ለሚጸልዩ ነው። ያ ቃል ልቤን ይመረምረኛል፤ ሊመረምረኝም ይገባል። አለቃ ወይም መንግሥት መጥቶ «እልፍኝህ ግባ» ሲለኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዳንኤልም በግሉ፣ በቤቱ ነበር የሚጸልየው። አዋጁ ከወጣ በኋላ ግን መስኮቱን አልዘጋም። እንደ ልማዱ በቀን ሦስት ጊዜ ተንበረከከ። የተጣለበትም የአንበሶች ጉድጓድ ይታወቃል።

እናቴ ግን በደርግ ጊዜ የጸለየችው ተደብቃ ነው። ቤት እየቀያየሩ፣ ጥቂት ሆነው፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ። «ጴንጤ» የሚለው ስም ያኔ ስድብ ነበር። ግራ እጃቸውን አንስተው መፈክር አናሰማም በማለታቸው ብቻ የታሰሩ ብዙ ወንድሞችና እህቶች ነበሩ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከአገልግሎት ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ላለፈ ሰው «ቤታችሁ ጸልዩ» የሚለው ምክር ቀላል አይደለም።

አሜሪካ ደርግ አይደለችም። ያንን ማመሳሰል እናቴንም መናቅ ነው። ግን እዚህም ቢሆን ነፃነት የሚቆየው የሚሟገትለት ሲኖር ነው። ከምኖርበት ከሲያትል በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል የምትርቀው ብሬመርተን ላይ የሆነውን ልንገራችሁ።

ጆሴፍ ኬኔዲ የቀድሞ የማሪን ወታደር ነው። በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአሜሪካ ፉትቦል ረዳት አሠልጣኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ጨዋታ ሲያልቅ ሜዳው መሃል ተንበርክኮ ያመሰግን ነበር። ቆይቶ ተጫዋቾችም ተቀላቀሉት። በ2015 ትምህርት ቤቱ አቁም አለው። ጥቂት ሳምንት አቆመ፣ ከዚያ ግን ወደ ሜዳው ተመለሰ። በዚያው ኦክቶበር ከሥራ ታገደ።

ጉዳዩን የያዘለት ፈርስት ሊበርቲ ኢንስቲትዩት የሚባል የቴክሳስ ድርጅት ነው። ወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች በሚሰጡት ገንዘብ ይሠራል፤ ደንበኞቹን አያስከፍልም። በ2016 ከሰሱ። ከታች ተሸነፉ፣ ይግባኝ ላይም ተሸነፉ። በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አላይም አላቸው። እንደገና ከታች ጀመሩ። ጁን 27 ቀን 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ፈረደለት። ዳኛ ኒል ጎርሰች የጻፉት ፍርድ የአሠልጣኙ ጸሎት የራሱ የግል ጸሎት ነው፣ መንግሥት ሊቀጣው አይችልም ይላል። እኔ እዚያ ላይ የማደንቀው ትዕግሥቱን ነው። ጩኸት ሳይሆን ማመልከቻ፣ ስድብ ሳይሆን ይግባኝ። እኛ አበሾች ከዚህ የምንማረው ብዙ አለን።

በፍርዱ ያልተስማሙትን የሦስቱን ዳኞች ጽሑፍም አንብቤዋለሁ። ዳኛ ሶቶማየር ተጫዋቾች ከብበውት የተነሱ ፎቶዎችን ከጽሑፋቸው ጋር አያይዘው ነበር። በመዝገቡ ውስጥ ደግሞ የአንድ ወላጅ ቃል አለ፦ ልጁ በእግዚአብሔር አያምንም፣ ግን ጨዋታ ላይ ብዙ አልሰለፍም ብሎ ፈርቶ ይቀላቀል ነበር። ይህ ልጅ ያሳስበኛል። የእናቴ ታሪክ ያለበት ሰው ማንም ሳይወድ አፉን እንዲከፍት አይመኝም። ስለዚህም ነው በ1962 ፍርድ ቤቱ የኒው ዮርክ ባለሥልጣናት ለትምህርት ቤቶች ያዘጋጁትን ጸሎት መሻሩን እንደ ሽንፈት የማላየው፤ ይህን ስል ብዙ የእኔው ወገኖች ቅር ይላቸዋል። መንግሥት የጻፈው ጸሎት መፈክር ነው። የአንድ ሰው መንበርከክ ግን የራሱ ነው። አሠልጣኝ ስለሆነ ብቻ ያንን ሊነጥቁት አይገባም።

የእንዲህ ያለ ሙግት ጥቅም ደግሞ ለክርስቲያን ብቻ አይደለም። ያው ድርጅት እሁድ አልሠራም ላለ የፔንስልቬንያ ፖስተኛ፣ ለጄራልድ ግሮፍ፣ ቆሞለት በ2023 ዘጠኙም ዳኞች ተስማሙለት። አሁን አሠሪ ሠራተኛው የእምነቱን ቀን እንዳያከብር ለመከልከል ከፍተኛ ወጪ ወይም ጉዳት እንደሚደርስበት ማሳየት አለበት። ይህ ለአድቬንቲስቱ ቅዳሜ ነው፣ ለኦርቶዶክሱ ስቅለት ነው፣ ለሙስሊሙም ጁምዓ ነው። በካቶሊክ ጠበቃ የተመሠረተው ቤኬት የሚባል የጠበቆች ድርጅት ደግሞ በ2015 ጺሙን ማሳደግ ለተከለከለ የአርካንሳስ ሙስሊም እስረኛ ተሟግቶ አሸንፏል። ክርስቲያን ለሙስሊሙ ጺም ሲሟገት ደስ ይለኛል፤ እምነታችን ያስተማረን ይህንን ነው ብዬ አምናለሁ።

የእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ የሚያሳዝነኝ ግን መብታችንን አለማወቃችን ነው። ልጆቻችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲገቡ «እዚያ ጸሎት ክልክል ነው» ብለን እንነግራቸዋለን። ክልክል አይደለም። ተማሪ ምሳውን ከመብላቱ በፊት መጸለይ ይችላል። በእረፍቱ መጽሐፍ ቅዱሱን ማንበብ ይችላል። በ1984 በወጣው ሕግ መሠረት ሁለተኛ ደረጃ ላይ ከትምህርቱ ጋር የማይያያዙ ሌሎች የተማሪ ክበባት ከተፈቀዱ የመጽሐፍ ቅዱስ ክበብም ይፈቀዳል። የፌዴራል ገንዘብ የሚወስዱ የትምህርት ወረዳዎችም በሕግ የተጠበቀ ጸሎትን እንደማይከለክሉ በየዓመቱ በጽሑፍ ያረጋግጣሉ። በ1990 የቴክሳስ ወጣቶች የጀመሩት፣ በሴፕቴምበር ጠዋት ባንዲራ ሥር ተሰብስቦ መጸለይ ዛሬም አለ፤ የሚመሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው።

ይህንን እሁድ ከአምልኮ በኋላ ለወላጆች እንዳስረዳ ሽማግሌዎቹን ጠይቄ ፈቅደውልኛል። በአማርኛ አንድ ገጽ ጽፌ አድላለሁ። ከሴፕቴምበር በፊት እያንዳንዱ ቤት ቢደርስ ደስ ይለኛል።