መሪ ነቅሎ ማቃናት አላይመንት አይደለም

«አላይመንት እንሠራለን»፣ ማለትም የጎማዎችን አቅጣጫና ማዘንበል በልኩ እናስተካክላለን የሚል ታፔላ ባሕር ዳር ሞልቷል። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ታፔላውን አይቼ አልገባም ነበር።

የእኛ ራቭፎር ከዘጌ ስንመለስ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ውስጥ በግራ ጎማዋ ገባች። ከዚያ ወዲህ ወደ ግራ ትስባለች። ቀጥ ብላ ስትሄድ ደግሞ መሪው ጠመም ይላል። ባለቤቴ «መንገዱ ነው» አለች። መንገድማ ውኃው እንዲወርድ ወደ ዳር ያዘነብላል፤ በቀኝ ስለምንነዳ ጤነኛ መኪናም መሪውን ለቀቅ ሲያደርጉለት ትንሽ ወደ ቀኝ ይላል። ወደ ግራ ከሳበ ግን በመንገዱ አታሳቡ። እኔ ከሐሙሲት ወደ ወረታ፣ ሜዳው ላይ ሞከርኳት። ያው ናት።

ንፋሷን ጎማው ሳይሞቅ ለካሁ፣ ደህና ነው። የፊት ግራና ቀኝ ጎማዎችን አቀያየርኩ። ስበቱ ወደ ቀኝ ቢዞር ኖሮ ጥፋቱ የጎማው ነበር። አልዞረም። (ጎማችሁ የመዞሪያ ቀስት ካለው ይህን አትሞክሩ።)

ከዚያ ጋራዥ ገባሁ። ልጁ ማሽኑ ላይ አወጣት፣ ስክሪኑን አየት አደረገና «ጋሼ፣ ችግር የለም፣ መሪው ነው የተጣመመው» አለኝ። ምን ሊያደርግ ነው ብዬ ሳይ የመሪውን ክዳን ይፈታል! ኤርባግ ያለበትን መሪ፣ ባትሪ እንኳ ሳይነቅል። መሪውን ነቀለ፣ በአንድ ጥርስ አዙሮ መልሶ አሰረው። «ይኸው ቀጥ አለ።»

መሪው በእርግጥ ቀጥ አለ። መኪናዋ ግን እንደበፊቱ ትስባለች። የመሪው መሀል ከጎማው መሀል ጋር ስለተለያየ የፍሬቻው መመለሻ ተዛባ። ዳሽቦርዱ ላይ የምትንሸራተተዋ መኪና ምልክት በራች፤ የመሪውን አቅጣጫ የሚያነበው ሴንሰር ቀጥ ብዬ እየነዳሁ የምታጠፍ መስሎታል። ተመልሼ የልኬቱን ወረቀት ስጡኝ ስል የጋራዡ ባለቤት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እርስዎ ደግሞ፣ መኪና ነው ወይስ አውሮፕላን?» ገንዘቡን ግን ሙሉውን ተቀብሏል። እስካሁን ያናድደኛል።

በዚያው ሰሞን ለቦሎ ምርመራ ቀረበች፣ አለፈች። መርማሪው መብራት አየ፣ ፍሬን አየ። ጎማውን በእጁ አልነካም። ቦሎ አለኝ ብላችሁ ጎንደር ድረስ ልጆች ጭናችሁ አትውጡ።

ችግሩን ያገኘው መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ነው። መዳፉን በጎማው ላይ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ውጭ አሸት አሸት አደረገ። «ወደ አንዱ ሲያሹት ለስላሳ፣ ወደ ሌላው ሲያሹት እንደ መጋዝ ይነክሳል። የውስጡም ጠርዝ ተበልቷል። ቴስቲናውን እይ።» በክሪክ አነሳናት። ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ ሲነቀንቀው ቀጭ ቀጭ አለ። ያ ቴስቲና ነው፤ መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ጫፍ። ላይና ታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ኩሽኔታውን (ጎማው የሚሽከረከርበትን) ወይም ቦል ጆይንቱን (ጎማውን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘውን) ጠርጥሩ። ከሥር ገብቶ ሲያይ የግራው የታችኛ ክንድ ጎሚኒም (ክንዱ መገጣጠሚያ ላይ ያለው ላስቲክ) ተቀዷል። ጎሚኒው ሲቀደድ ጎማው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የግራው ካስተር (የጎማው ማዞሪያ ዘንግ ከላይ ወደ ኋላ ያጋደለበት ማዕዘን) ሲያንስ መኪናዋ ወደዚያው ትስባለች። እንግዲህ ይህ ሁሉ እየተንቀሳቀሰ ማሽን ላይ የሚወጣ ቁጥር ምን ዋጋ አለው? ጋራዡን በወጣችሁ በመጀመሪያው ጉድጓድ ይለወጣል።

ቴስቲናውንም ጎሚኒውንም አስቀየርኩ። መሪውን ወደ ድሮ ጥርሱ አስመለስኩ። ከዚያ ሌላ ቦታ አላይመንት አሠራሁ። እዚያ ከኋላ ጎማዎች ነው የጀመሩት፤ የኋላው ወደ ጎን ከገፋ የፊቱን ብታስተካክሉም መሪው ጠሞ ይቀራልና። ቀጥለው መሪውን መሀል ላይ አስረው የፊቱን ቶ (ጎማዎቹ ከፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የዞሩበትን ልክ) በሁለቱም በኩል ከቴስቲናው ዘንግ አስተካከሉ። መጨረሻ ላይ ሴንሰሩን በኮምፒውተር ዜሮ አስገቡት። ምልክቷ ጠፋች።

በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትር አላይመንት አሠሩ የሚለውን ምክር እኔ አልቀበልም። በየ10 ሺው ጎማችሁን ዳብሱ፣ በክሪክ አንሥታችሁ ነቅንቁ። አላይመንት ስበት ሲኖር፣ ጎማ ሲበላ፣ ወይም እንደ ቴስቲናና ጎሚኒ ያለ የእግር ዕቃ ሲቀየር ይበቃል። ስትገቡም ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ልኬት በወረቀት ጠይቁ። «ወረቀት አልቋል» ካሉ ቁልፋችሁን ተቀበሉና ውጡ።

የተበላ ጎማ በአላይመንት አይመለስም። የፊቶቹን ሁለቱንም ቀይሬያለሁ። «አንዱን ለስኮርታ ያዘው» ያለኝ ነበር፤ በውስጥ በኩል ሽቦው ወጥቷል።