ማሳው ባዶ አይደለም

ከገጠር መንደር ዳር ባለ ማሳ ላይ የመኖሪያ ቤቶች ሊገነቡ ነው ሲባል፣ በእቅዱ ማብራሪያ ውስጥ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ቃል «ባዶ» የሚለው ነው። ባዶ መሬት፣ ክፍት ቦታ፣ ገና ያልለማ ይዞታ ይባላል። እንዲህ ያለውን እቅድ መቃወም የምጀምረው ከዚህ ቃል ነው፤ መሬቱ ባዶ ነው ተብሎ ከተጻፈ በግንባታው የሚጠፋ ነገር ያለ አይመስልምና፣ የሚጠፋ ነገር ከሌለ ደግሞ ስለ ጥፋቱ የሚጠየቅ አካል አይኖርም።

ማሳው ግን ሥራ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚገልጸው ከምንመገበው ምግብ 95 በመቶ ያህሉ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከአፈር የሚገኝ ሲሆን፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ለም አፈር ለመፈጠር እስከ 1,000 ዓመት ሊወስድ ይችላል። የግንባታ ማሽን ይህንኑ አፈር በአንድ ቀን ገፍቶ ይከምረዋል። የተገፋው አፈር ሌላ ቦታ ተወስዶ ሊዘራበት ይችላል የሚል መልስ ሲሰጥ ሰምቻለሁ፤ ሆኖም በከባድ ተሽከርካሪ ተረግጦና ለወራት ተከምሮ የቆየ አፈር አየርና ውሃ የሚያስተላልፉ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ በውስጡ የነበሩት ትሎችና ጥቃቅን ሕያዋንም ይመናመናሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የውሃው ነገር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የዘነበ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ስለዚህ በ10 ሄክታር ማሳ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 3,000,000 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በሚጠቅሰው ግምት፣ መሬቱ በተፈጥሮ ዕፅዋት ሲሸፈን በላዩ የሚፈሰው ከዝናቡ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ አብዛኛው መሬት በጣሪያ፣ በአስፋልትና በኮንክሪት ሲሸፈን ግን ወደ 55 በመቶ ያድጋል። የታረሰ ማሳ እንደ ደን ወይም እንደ ሣር መሬት ውሃ እንደማይመጥ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እንደ አስፋልት አይደለም። በዚህ ስሌት በተፈጥሮ ዕፅዋት ሲሸፈን 300,000 ሊትር የሚወርድበት ቁልቁለት በግንባታ ሲሸፈን ከ1,600,000 ሊትር በላይ ይለቃል፤ ቁልቁል ያሉት ደግሞ ነባሮቹ የመንደሩ ቤቶች ናቸው።

ገንቢዎች ለዚህ ጥያቄ የሚያቀርቡት መልስ ብዙውን ጊዜ የጎርፍ ማቆያ ኩሬ ነው። ኩሬ በደለል ይሞላል፣ መውጫው በቅጠልና በቆሻሻ ይደፈናል፣ በየጊዜው መጠረግም አለበት። ታዲያ ቤቶቹ ተሸጠው ገንቢው ከሄደ በኋላ ኩሬውን ማን ይጠርገዋል? በማንስ ገንዘብ? ይህ በግልጽ ካልተጻፈ ኩሬው በካርታ ላይ የተሳለ ሰማያዊ ቀለም ብቻ ነው። «በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ለሚከሰት ጎርፍ ታስቦ የተሠራ» የሚለውም አነጋገር ብዙዎችን ያዘናጋል፤ ትርጉሙ በየዓመቱ የመከሰት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ስለሆነ፣ በ30 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረሱ ዕድል 26 በመቶ ይሆናል። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቤት የሚያስፈልገው ሰው ብዙ መሆኑን አልክድም፤ ልጆቹን በጠባብ ክፍል የሚያሳድግ ቤተሰብ ይህን ጽሑፍ ቢያነብ ጠላቱ እንዳልሆንሁ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ። ነገር ግን አውቶቡስ በማይደርስበት፣ ሥራና ሕክምና በሚርቁበት ማሳ ላይ የተሠራ ቤት ነዋሪውን ለመኪና ወጪ ይዳርገዋል። አስቀድሞ የተገነቡ፣ ዛሬ ግን አገልግሎት የማይሰጡ ቦታዎችና ሰው የማይኖርባቸው ሕንፃዎች ሳይታዩ ወደ ማሳ መሄድ የአቅም ማነስ ሳይሆን የምርጫ ጉዳይ ነው። የስዊዘርላንድ ሕዝብ መጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. ባካሄደው ውሳኔ ሕዝብ ከመጠን በላይ የሰፉ የግንባታ ክልሎች እንዲጠቡ የሚያደርገውን ሕግ 62.9 በመቶ በሆነ ድምፅ አጽድቋል፤ የፈረንሳይ የ2021 ሕግም በ2050 ተጨማሪ መሬት በግንባታ መሸፈን በተጣራ ስሌት ዜሮ እንዲሆን ግብ አስቀምጧል።

የመጀመሪያው ማሳ ከተፈቀደ ቀጣዩ ማሳ «በሁለት ግንባታዎች መካከል የቀረ ክፍተት» ተብሎ ይቀርባል፤ ያን ጊዜ የመንደሩ ወሰን የት እንደሆነ የሚያሳይ ነገር አይኖርም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ተቃውሞ ዋጋ የሚኖረው ካርታው ከመጽደቁ በፊት ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. የተፈረመው፣ ሕዝብ በአካባቢ ጉዳዮች ላይ ያለውን የመረጃና የተሳትፎ መብት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የኦርሁስ ስምምነትም ሕዝቡ መሳተፍ ያለበት አማራጮች ሁሉ ክፍት በሆኑበት የመጀመሪያ ደረጃ ላይ መሆኑን ይደነግጋል። ነዋሪዎች የሚያቀርቡት ማስረጃም ከስሜት ይልቅ ከማሳው የተገኘ ቢሆን ይበጃል፤ ውሃ የሚተኛበት ቦታ በዝናብ ወቅት ቀኑ ተመዝግቦ በፎቶግራፍ ይያዝ፣ ቦዩ የሞላበት ሰዓት ይጻፍ፣ ከዚህ ቀደም ውሃ የገባባቸው ቤቶች በካርታ ላይ ምልክት ይደረግባቸው። ውሳኔ ሰጪዎቹም ከመፈረማቸው በፊት፣ በጸሐይ ቀን ሳይሆን ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት መጥተው በዚያ ማሳ ዳር እንዲቆሙ በጽሑፍ ይጠየቁ።